የግዕዝ ኍልቍና ባዶው ቤት፤ ስለ ትልልቅ ቁጥሮች አጻጻፍ ከወንዛዬ የተጻፈ

ወንዛዬ ከደብረ ታቦር በስተ ምዕራብ፣ ከጉና ተራራ ተነሥቶ ወደ ጣና በሚወርደው በጉማራ ወንዝ አጠገብ የምትገኝ፣ በፍል ውሃዋ ስሟ የተጠራ አገር ናት። ወደዚያ የሚወርድ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው ሰውነቱን በፍል ውሃው ለማስታመም ነው። እኔ ግን ወደዚያ የወረድሁት ልጆች ቁጥር ሲጽፉ ለማየት ነበረ። ነገሩ ለአንዳንድ አንባቢ ትንሽ መስሎ ሊታየው ይችላል። ነገር ግን የአንድ ሕዝብ አቈጣጠር እንደ አነጋገሩና እንደ አለባበሱ ሁሉ ከአባቶቹ የተቀበለው ቅርስ ስለ ሆነ፣ የባህል ጥናት መጽሔት ሊያስተናግደው የሚገባ መስሎ ታየኝ።

በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በአራተኛው ክፍል ከኋላ ተቀምጬ ሳለሁ፣ መምህሩ «አሥራ ሁለት ሺህ አምስት» ብሎ ጠርቶ ልጆቹ በደብተራቸው እንዲጽፉት አዘዘ። ተነሥቼ በመካከላቸው እየተዘዋወርሁ ብመለከት፣ 12005 ብለው በትክክል የጻፉ ነበሩ፤ 1205 ብለው የጻፉም ነበሩ፤ የሚበዙት ግን 120005 ብለው ጽፈው ነበር። መምህሩ በቀይ ቀለም እየሰረዘ «አትሰሙም እንዴ?» ብሎ ተቈጣ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ቀና ብላ፣ «መምህር፣ እርስዎ ያሉትን እኮ ነው የጻፍሁት» አለችው።

ልጅቱ እውነቷን ነው። መምህሩ በመጀመሪያ «አሥራ ሁለት ሺህ» አለ፤ እሷም 12000 ብላ ጻፈች። ቀጥሎ «አምስት» አለ፤ እሷም 5 ብላ ጨመረች። የሰማችውን ሁሉ በሰማችው ተራ አስቀመጠችው፤ ያስቀረችው ነገር የለም። ከእሷ የተፈለገው ግን የተባለውን ብቻ እንድትጽፍ አልነበረም፤ ያልተባለውንም እንድትጽፍ ነበረ። «አሥራ ሁለት ሺህ አምስት» በሚለው አነጋገር ውስጥ መቶ የሚባል ቃል የለም፤ ከዐሥር እስከ ዘጠና ካሉት ስሞችም አንድ እንኳ አልተጠራም። በአዲሱ አኃዝ ግን እነዚህ ያልተጠሩት ሁለቱ በሁለት ባዶ ምልክት ሆነው ቦታቸውን መያዝ አለባቸው።

እኔም በልጅነቴ በዚሁ ደጋ ስማር ሁለት ሺህ ሦስት መቶን 2000300 ብዬ በመጻፌ በአርጩሜ ተገርፌአለሁ። የገረፈኝ ሰው ለምን እንደ ተሳሳትሁ አልነገረኝም፤ ምናልባት ለእሱም የነገረው አልነበረም። ይህን ነገር ረስቼው ኖሬ፣ ኋላ በጀርመን አገር ስማር አንድ ቀን ትዝ አለኝ። የጀርመን ቋንቋ ሃያ አምስትን «አምስትና ሃያ» ብሎ ስለሚጠራ፣ በዚያ አገር ያሉ ትንንሽ ልጆች 25ን 52 ብለው ይጽፋሉ። መምህሮቻቸው ግን ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ስለሚያውቁ ልጁን ደንቈሮ አይሉትም፤ ከአፉ ወደ ብዕሩ የሚወስደውን መንገድ ያሳዩታል። ታዲያ የኛን ልጅ ስሕተት ከየት እንደ መጣ የመረመረልን ማን ነው? እኔ እንደ ተረዳሁት፣ የወንዛዬ ልጅ ስሕተት አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት የቈየ የአገሩ የአጻጻፍ ሕግ በአዲሱ አኃዝ ላይ ሲሠራ የሚታይ ውጤት ነው።

ያ ሕግ የግዕዝ ኍልቍ ሕግ ነው። የግዕዝ አኃዞች መልካቸውን ያገኙት ከጽርእ ፊደላት እንደ ሆነ ይታወቃል፤ ጽርኣውያን ፊደላቸውን ለቁጥርም ይጠቀሙበት ስለ ነበረ፣ አክሱማውያንም ከእነሱ ወስደው የራሳቸው አደረጉት። ከ፩ እስከ ፱ ዘጠኝ አኃዞች፣ ከ፲ እስከ ፺ ሌሎች ዘጠኝ አኃዞች፣ ከዚያም ፻ እና ፼ አሉ፤ በጠቅላላው ሃያ ናቸው። ፼ የተባለው ምልክት ሁለት ፻ ተጋጥመው የተጻፉበት ነው፤ መቶ ጊዜ መቶ ዐሥር ሺህ ነውና ጽሕፈቱ ራሱ ሒሳቡን ይናገራል። ለሺህ ግን ለብቻው ምልክት አልተሠራለትም፤ ግዕዝ ሺህን «ዐሠርቱ ምእት» ብሎ ስለሚጠራው ፲፻ ተብሎ ይጻፋል።

በዚህ አጻጻፍ እያንዳንዱ አኃዝ ዋጋውን በራሱ ይዞ ይዞራል። ፶ በየትም ቢገኝ ሃምሳ ነው፤ በአዲሱ አኃዝ ግን 5 በቆመችበት ቤት አምስት፣ ወይም ሃምሳ፣ ወይም አምስት መቶ ልትሆን ትችላለች። ይህ ማለት ግን በግዕዝ ኍልቍ ቦታ ምንም ሥራ የለውም ማለት አይደለም፤ እንዲህ ብለው የጻፉ አንዳንድ የውጭ አገር ሰዎች በደንብ አልተመለከቱትም። ፭፻ አምስት መቶ ነው፤ ፻፭ ግን መቶ አምስት ነው። ፲፻፲ ሺህ ዐሥር ነው፤ የፊተኛው ፲ መቶውን ያበዛዋል፤ የኋለኛው ይደመርበታል። ልብ ብሎ ለተመለከተው ይህ አንደበት የሚናገርበት ሥርዓት ነው፤ እኛም «አምስት መቶ» ስንል እናበዛለን፤ «መቶ አምስት» ስንል እንደምራለን። የግዕዝ ጸሓፊ የሰማውን በሰማው ተራ ይጽፋል፤ ያልሰማውን አይጽፍም። አሥራ ሁለት ሺህ አምስትም በግዕዝ ፼፳፻፭ ነው፤ «እልፍ፣ ዕሥራ ምእት፣ ኀምስቱ» ማለት ነው። ያቺ ልጅ በዚህ አኃዝ ጻፊ ብትባል ኖሮ፣ የሰማችውን በሰማችው ተራ ማስቀመጧ ትክክል በሆነላት ነበር።

በወንዛዬ አጠገብ አንድ የአቋቋም መምህር አሉ። ደብረ ታቦር በአቋቋም ትምህርት የታወቀች ስለ ሆነች በዚያ አገር እንዲህ ያለ ሊቅ ማግኘት አያስቸግርም። ከጉባኤያቸው ተነሥተው ከጥላ ሥር እንደ ተቀመጡ ሄጄ እጅ ነሣሁና፣ «የኔታ፣ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ስድስትን እንዴት አድርገው ይጽፉታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ፸፭፻፮ ብለው በመሬት ላይ ጻፉልኝ። እኔም በአጠገቡ 7506 ብዬ ጽፌ፣ «ይህችን ባዶ እርስዎ የት አደረጓት?» ብላቸው፣ ፈገግ ብለው «ልጄ፣ የሌለ ነገር ምን ተብሎ ይጻፋል?» አሉኝ።

ቁጥሩን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አልነበረም። በባሕረ ሐሳብ ሥርዓት 5500 ዓመተ ኵነኔ ላይ 2006 ዓመተ ምሕረት ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7506 ይሆናል። ይህን ለ19 ቢያካፍሉት 395 ጊዜ ደርሶ አንድ ይተርፋል፤ ከተረፈው ላይ እንደ ሥርዓቱ አንድ ለዘመኑ ሲሰጥ ለወንበር የሚቀር የለም። የኔታም ይህን ሁሉ አንድ መስመር ሳይጽፉ በቃላቸው አስበው፣ «ወንበሩ አልቦ፣ አበቅቴው አልቦ፣ መጥቅዑ ሠላሳ» አሉኝ። አልቦ ማለት የለም ማለት ነው። እንግዲህ ሊቃውንታችን የባዶን ነገር አላወቁም ማለት ከቶ አይቻልም፤ ስም አውጥተውለት በየ19 ዓመቱ ይጠሩታል። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፤ ለየኔታ አልቦ ለተጠየቀ ነገር የሚሰጥ መልስ ነው። በአዲሱ አኃዝ ግን ባዶ በሌሎች አኃዞች መካከል ገብታ ቤት የምትጠብቅ ዘበኛ ናት። ከመልስነት ወደ ዘበኝነት መሻገር ለብዙ ሕዝብ ብዙ ዘመን የፈጀ ነገር ነው፤ እኛ ልጆቻችን በአንድ የትምህርት ወቅት እንዲሻገሩት እንጠይቃለን።

የግዕዝ ኍልቍ ለትልቅ ቁጥር የማይበቃ ነበር የሚል ሰው ካለ የአክሱምን ድንጋይ ይመልከት። በአራተኛው መቶ ዓመት የነገሠው ኢዛና በኖባ ላይ ስለ ዘመተው ዘመቻ ባስቀረጸው ጽሕፈት፣ ከተማረኩት ወንዶች 214፣ ሴቶችና ልጆች 415፣ ድምር 629፤ ከሞቱት ወንዶች 602፣ ሴቶችና ልጆች 156፣ ድምር 758፤ የሁሉም ድምር 1387 ነው ይላል። ከዚያም የተዘረፈው ላም 10560፣ በግ 51050 መሆኑን ይቈጥራል። አንባቢ እርሳስ ይዞ ቢደምረው አንድ ስሕተት አያገኝበትም። በግዕዝ ሕግ የበጉ ቁጥር ፭፼፲፻፶ ነው፤ በአዲሱ አኃዝ ሁለት ባዶ የሚያስፈልገው፣ በግዕዝ አንድም አያስፈልገውም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። የግዕዝ አኃዝ የተደመረውን ለማስቀመጥ የተመቸ ነው እንጂ፣ አንዱን ከአንዱ ሥር አሰልፎ ለመደመር የተመቸ አይደለም። ፲፫፻፹፯ን ከ፮፻፪ ሥር ቢያስቀምጡት ምን ከምን ጋር ይገጥማል? ስለዚህ ሒሳቡ በአእምሮ ወይም በጠጠር ይሠራል፤ ውጤቱ ብቻ በቀለም ይጻፋል። የአዲሱ አኃዝ ትርፉ ይህን ሁለቱን ሥራ በአንድ ወረቀት ላይ ማገናኘቱ ነው፤ ዋጋው ደግሞ ባዶዋ ናት።

ከዚህ የበለጠ የሚያደናግር ሌላ ነገር አለ፤ እሱም የአከፋፈሉ ነገር ነው። ዕብራውያን «ኤሌፍ»፣ ዐረቦች «አልፍ» ሲሉ ሺህ ማለታቸው ነው። በግዕዝ ግን ያው ቃል ወደ ላይ ወጥቶ እልፍ ዐሥር ሺህ ሆነ። ከእልፍ በላይ ያለውን የሰዋስው መምህራን አእላፍ መቶ ሺህ፣ አእላፋት አንድ ሚሊዮን፣ ትእልፊት ዐሥር ሚሊዮን፣ ትእልፊታት መቶ ሚሊዮን እያሉ ያስተምራሉ። በአጻጻፍ ጊዜ ቁጥሩ ከቀኝ ጀምሮ ሁለት ሁለት እየተደረገ ይከፈላል፤ በየክፍሉ መካከል ፻ እና ፼ ይገባሉ። ለምሳሌ 345678ን ብንወስድ፣ 34፣ 56፣ 78 ተብሎ ተከፍሎ ፴፬፼፶፮፻፸፰ ይሆናል። የዛሬው መጽሐፍ ግን ሦስት ሦስት አድርጎ 345,678 ይላል፤ አንደበታችንም ሺህንና ከውጭ የመጣውን ሚሊዮንን ተከትሎ «ሦስት መቶ አርባ አምስት ሺህ ስድስት መቶ ሰባ ስምንት» ይላል። እልፍ ከገበያ ወጥቶ በጸሎትና በግጥም ብቻ ቀረ፤ ዛሬ «እልፍ ሰው» የሚል ሰው ብዙ ማለቱ ነው እንጂ ዐሥር ሺህ ማለቱ አይደለም።

ይሁን እንጂ የቀድሞው አቈጣጠር ከአፋችን ፈጽሞ አልጠፋም። አንድን ገበሬ «መቼ ተወለድህ?» ቢሉት «በአሥራ ዘጠኝ መቶ ስልሳ» ይላል፤ «በሬውን ስንት ሸጥኸው?» ቢሉት ግን በመቶ አይቈጥርም፤ በሺህ ይቈጥራል። ዘመኑን በግዕዝ ሕግ፣ ገንዘቡን በአዲሱ ሕግ ይቈጥራል፤ ሁለቱም በአንድ አፍ ውስጥ ሳይጣሉ ይኖራሉ። ዳግማዊ ምኒልክ ባሳተሙት ብር ላይ ዘመኑ ፲፰፻፹፯ ተብሎ መቀረጹ፣ በ2000 ዓ.ም. በዓል ጊዜም ፳፻ ተብሎ በየአደባባዩ መጻፉ ከዚሁ የመጣ ነው። ልጁም በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ፳፻ን ከፊደል ገበታው ሥር ባሉት አኃዞች ያነባል፤ ደወል ተደውሎ የሒሳብ መምህሩ ሲገባ 2000 ያያል። ሁለቱ መምህራን አንድ ቀን እንኳ ተገናኝተው ስለዚህ ነገር ሲነጋገሩ አላየሁም። አንዱ ሁለት ምልክት ጻፈ፤ ሌላው አራት ጻፈ፤ ልጁ ግን ለምን ብሎ እንዲጠይቅ ዕድል አልተሰጠውም።

ባዶ ለሌላውም ዓለም ቀላል እንዳልነበረች ማስታወስ ይጠቅማል። የህንዱ ብራህማጉፕታ በ628 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የባዶን ሕግ ጻፈ፤ በዘጠነኛው መቶ ዓመት አል ኸዋሪዝሚ በባግዳድ የህንድን አኃዝ ለዐረቦች አስተማረ፤ የፒሳው ሊዮናርዶ በ1202 ለኢጣልያኖች አመጣው። ሆኖም በ1299 የፍሎረንስ ገንዘብ ለዋጮች ማኅበር አባሎቹ በመዝገባቸው በዚህ አዲስ አኃዝ እንዳይጽፉ ከለከለ። በዘመኑ የታወቁት ነጋዴዎች ያመነቱበትን ነገር የወንዛዬ የዐሥር ዓመት ልጅ ቢያመነታበት ምን ያስደንቃል?

ወደ አገራችን ባዶ የገባችው ያለ ክርክር ነው፤ ምናልባት ችግሩ ይኸው ይሆናል። በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈትና ከዚያም በኋላ፣ ሒሳብ በብዛት የተሰጠው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነበር። አማርኛ የመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ የሆነው በ1956 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ የሒሳብ መጻሕፍት ወደ አማርኛ ተመለሱ፤ «የአንድ ቤት፣ የአሥር ቤት፣ የመቶ ቤት» የሚለው ያማረ አጠራርም ሥር ሰደደ። ነገር ግን የተመለሰው መልሱ ነው፤ ጥያቄው አልተመለሰም። የውጭ አገር መጽሐፍ ስለ ግዕዝ ኍልቍ ሊያውቅ አይችልምና፣ ልጁ ከቤቱ ይዞት ስለሚመጣው ሕግ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ተርጓሚውም አልጨመረበትም።

ይህ የወረቀት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልደከምሁበት ነበር። ከላይ ያነሣኋት ልጅ፣ መምህሯን «እርስዎ ያሉትን ነው የጻፍሁት» ያለችው፣ በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ቀረች። ቤቷ ሩቅ ስላልነበረ ከአንድ ዘመዷ ጋር ሄድሁ። አባቷ ማዳበሪያ የገዛበትን ደረሰኝ አውጥቶ አሳየኝ፤ 10500 ብር ይላል። ልጁ እንድታነብለት ሰጥቷት «ሺህ አምስት መቶ» ብላ አነበበችለት፤ እሱ ግን ገንዘቡን በገዛ እጁ ቈጥሮ ስለ ከፈለ ስንት እንደ ሆነ ያውቀዋል። «ጋሼ፣ አራት ዓመት ተምራ ሺህን ከዐሥር ሺህ ካልለየች ደብተሩ ምን ያደርግላታል? ከብቶቹን ትጠብቅልኝ» አለኝ። በዕድሜ ከኔ የሚበልጥ ሰው ሲሆን ጋሼ ማለቱ ለከተማ ልብሴ እንደ ሆነ አውቄ አፈርሁ። የሚለው ነገር ግን ሐሰት አልነበረበትም፤ ለመመለስም ቶሎ ቃል አላገኘሁም።

በደጁ ጥላ ሥር፣ በመሬት ላይ የተቈፈረ ገበጣ ነበር። ገበጣ በደጋው አገር እረኞችም ሽማግሌዎችም የሚጫወቱት ጨዋታ መሆኑን አንባቢ ያውቃል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በየአገሩ ያለውን ዓይነት ሰብስቦ ጽፎበታል። ስለ ደንቡ እዚህ መዘርዘር አያስፈልገኝም፤ አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። በገበጣ ላይ ባዶ የሆነ ጉድጓድ ጉድጓድነቱ አይቀርም። ጠጠር የሚዘራ ሰው ባዶውን ዘልሎ አያልፍም፤ ዘልሎ ያለፈ እንደ ሌባ ይቈጠራል። እንግዲህ የህንዱ ሊቅ በመጽሐፍ የጻፈውን፣ ማለት ባዶ ቤትም ቤት መሆኑን፣ የኛ እረኛ በጣቱ ያውቀዋል። የሚጐድለው አንድ ደንብ ብቻ ነው፤ በገበጣ ጠጠር በየትኛውም ጉድጓድ ቢሆን ዋጋው አንድ ነው፤ በአኃዝ ግን ወደ ግራ አንድ ጉድጓድ በተሻገረ ቍጥር ዐሥር እጥፍ ይሆናል።

ይህም ዐሥር እጥፍ ለገበያችን አዲስ ነገር ነው። የቀድሞው ሰው ትንሹን በትልቁ እየሰበሰበ መቍጠርን ያውቅ ነበር፤ አሞሌን በብር፣ ቁናን በጫን ይመነዝር ነበር። ነገር ግን አንድ ብር ስንት አሞሌ እንደሚያወጣ እንደ አገሩና እንደ ዘመኑ ይለያይ ስለ ነበረ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ እጥፍ አላስለመደውም። በዛሬው ገንዘብ ግን አንድ ብር፣ ዐሥር ብር፣ መቶ ብር እየተባለ እጥፉ አይለወጥም። ከባንክ በአንድነት ታስሮ የሚወጣ መቶ ባለ መቶ ብር ዐሥር ሺህ ነው፤ ይህም መቶ ጊዜ መቶ፣ ማለት የግዕዙ ፼ ነው። ለልጅ ፼ን፣ የታሰረውን ብርና 10000ን ጐን ለጐን የሚያሳይ መምህር፣ ብዙ ገጽ የሚፈጅ ማብራሪያ የሚያስቀርለት ይመስለኛል።

ስለዚህ አባትየውን አስፈቅጄ ልጅቱን ከገበጣው አጠገብ ጠራኋት። አምስት ጉድጓድ መርጠን፣ ከቀኝ ጀምሮ የአንድ ቤት፣ የአሥር ቤት፣ የመቶ ቤት፣ የሺህ ቤት፣ የእልፍ ቤት አልናቸው። እልፍን የመለስሁት ሆን ብዬ ነው፤ «ዐሥር ሺህ» የሚለው አጠራር ውስጡ ሺህ ስላለበት ልጅን ወደ ሺህ ቤት ይስበዋል፤ እልፍ ግን የራሱ ስም ያለው የራሱ ቤት ነው። የደረሰኙን ቁጥር «እልፍ ከአምስት መቶ» ብዬ ጠራሁላት። በእልፍ ቤት አንድ ጠጠር፣ በመቶ ቤት አምስት ጠጠር አኖረች። ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ጠጠር ያለበትን በአኃዙ፣ ጠጠር የሌለበትን በክብ፣ በመሬቱ ላይ እንድትጽፍ ነገርኋት፤ 10500 ብላ ጻፈች። ደረሰኙን አምጥታ ከጻፈችው ጋር አስተያየችው።

አባቷ በርጩማው ላይ እንደ ተቀመጠ በዱላው ጫፍ የሺህን ቤት እያመለከተ፣ «ይህስ? ምንም የለበትምሳ?» አላት።

«የለበትም፤ ግን ከደፈንሁት እልፉ ሺህ ይሆናል» አለችው።

ጥቂት ዝም ብሎ ጉድጓዱን ተመለከተ። ከዚያም ጠጠሮቹን በእጁ ጠርጎ ሰበሰበና ሌላ ቁጥር ጠራላት።